የገራዶዋ ልጅ እንትፍታ

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ላይ አንድ እስር ጤና አዳም አለ። መኪናው ጠመዝማዛውን ዳገት እስኪይዝ ድረስ ምንም አልተሰማኝም። የኮምቦልቻ ሙቀት ታች ቀርቶ ተሳፋሪው መስኮቱን ሲዘጋ ግን ሽታው መጣ። "መስኮቱን ክፈቱልኝ" አልኩ። ረዳቱ "በዚህ ብርድ?" ብሎ ገላመጠኝ። ሴትዮዋ ደነገጡ፤ ከእስሩ አንድ ቅንጣቢ ቀነጠቡና "እንኪ አሽትቺው ልጄ፣ አብሽሪ፣ ለሁሉም ደግ ነው" አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ፒያሳ እስክወርድ ድረስ በመዳፌ ጨብጬው ሄድኩ።

ለሌላው ሰው ጤና አዳም የእርጎ ሽታ ነው። ለእኔ ግን ደሴ የተማርኩበት የአሥራ አንደኛ ክፍል ሽታ ነው፤ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ታሽቶ አንዲት ልጅ አፍንጫ ሥር የተያዘ። ስለዚያ ክፍል ለማንም አውርቼ አላውቅም። ዛሬ የማወራችሁም ደግ ሴት ስለሆንኩ አይደለም፤ ብቻዬን መሸከሙ ስለሰለቸኝ ነው።

በዚያ ዓመት የእንግሊዝኛ መምህራችን አዲስ ነበር። ቀጭን፣ ያችኑ ግራጫ ሹራብ ከዓመት እስከ ዓመት የማያወልቅ፣ ማንበብ የሚወድ ሰው ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ አንድ ተውኔት አምጥቶ ፎቶ ኮፒ አስደረገና ለሦስት ተማሪ አንድ አንድ አደለን። ቀለሙ ስለደበዘዘ ጠዋት ጠዋት ጉም መስኮቱን ሲሸፍነው ፊደሉ አይታይም ነበር። ታሪኩ የጥንት ነው። ፒዩሪታን የሚባሉ አጥባቂ ክርስቲያኖች ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ውስጥ መንደር ይመሠርታሉ። አንድ ቀን የመንደሩ ልጃገረዶች እየጮኹ ይወድቃሉ። "ማን ነው የጠነቆለባችሁ?" ተብለው ሲጠየቁ የሰው ስም ይጠራሉ። ስሙ የተጠራው ሰው "አዎ፣ ጠንቋይ ነኝ" ካለ ይተርፋል፤ "አይደለሁም" ካለ ይሰቀላል።

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። "እንዴት ያሉ ጅሎች ናቸው!" አልን። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ትንሽ አየንና "እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም?" ብሎ ጠየቀ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ "ቲቸር፣ የነሱ ውሸት ነው፤ የኛ ቡዳ ግን እውነት ነው። ወላሂ፣ የአክስቴን ልጅ ሲበላት በዓይኔ አይቻለሁ" አለ። አሁን ማንም አልሳቀም። ግማሹ ክፍል ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅኩ። ቡዳ ሰውን በዓይኑ ይበላል፤ በቡዳነት የሚታማው ደግሞ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገንም ነበር።

መምህሩ ሦስት ሦስት አድርጎ መደበን። ሥራው የገጸ ባሕርያትና የግጭት ትንተና ነው፤ ማን ምን ይፈልጋል፣ ምን ይፈራል፣ ከማን ጋር ይጋጫል። ከእኔ ጋር ሁለት ልጆች ተመደቡ። አንዷ አባቷ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጥ የነጋዴ ልጅ ናት፤ ስስ፣ ሳቂታ፣ ክፍሉ በሙሉ የሚወዳት። ሌላዋ በየቀኑ ከከተማው ውጭ ካለው ገራዶ የምትመላለስ ልጅ ነበረች። የገራዶዋ ልጅ ዝምተኛ ነበረች፤ ያለቻት አንዲት አረንጓዴ ሻርፕ ብቻ ነበረች፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ታጥባ ሰኞ ፍክት ብላ ትመጣለች። እንግሊዝኛዋ ግን ጉድ ነበር። እሷ እስክትመጣ ድረስ በእንግሊዝኛ አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ይህንን ልብ በሉልኝ።

ደግሞ እወዳት ነበር፤ እውነቴን ነው። በዓመቱ አጋማሽ እረፍት ቤቷ ይዛኝ ሄደች። ከመኪና ወርደን በእግር ስንሄድ መንገድ ላይ ቆመችና "እናቴ ምን እንደምትሠራ ለማንም አትናገሪብኝ" አለችኝ። "ምን ትሠራለች?" "መጀመሪያ ማዪልኝ አልኩሽ!" "ወላሂ አልናገርም" አልኩ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ግቢው እርጥብ አፈርና ጭስ ይሸታል። የከሰዓት ፀሐይ ያልተተኮሱት ድስቶች ላይ አርፋለች፤ እናቷ አንዱን ድስት ጉልበታቸው መሀል ይዘው በለሰለሰ ድንጋይ ሲያሹት ሺ፣ ሺ የሚል ድምፅ ነበረው። ሲያዩኝ ተነሡና እጃቸው ጭቃ ስለነበር በክንዳቸው ብቻ አቀፉኝ። "የልጄ ጓደኛ! ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" አሉ። የተጠበሰ በቆሎ በላን። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ፊቴን ስታነብ ዋለች። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በቆሎውን ከመንከሴ በፊት በሆዴ ቢስሚላህ ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩ።

ከእረፍት ስንመለስ መምህሩ ተውኔቱ ላይ አከራከረን። ውስጡ አንዲት ባልቴት አለች። ዳኞቹ "አዎ በዪና ወደ ቤትሽ ግቢ" ይሏታል፤ እምቢ ትላለች፤ ትሰቀላለች። ልክ ናት ወይስ አይደለችም? እኔ ተነሥቼ እንዴት አሳምሬ ተናገርኩ መሰላችሁ! እውነት ከሕይወት ይበልጣል አልኩ። ሰው ሐሰት ተናግሮ ከሚኖር ቢሞት ይሻለዋል አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ የገራዶዋ ልጅ ቀስ ብላ ተነሣች። "ቤቷ የሚጠብቃት ሰው ካለ፣ አዎ ትበል" አለች። "ውሸቱ የእሷ አይደለም። ያስገደዷት ሰዎች ውሸት ነው።" ይህን ያለችው በእንግሊዝኛ ነው፣ እንደ ውኃ ሳይቆራረጥባት። መምህሩ ጠመኔውን አንሥቶ ቃሏን እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። የእኔን አልጻፈም። በዚያው ላይ "ረቡዕ የቡድናችሁን ሥራ ዋናውን ክፍል አንቺ ታቀርቢያለሽ" አላት። እኔ ለዚያ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ነበር የሰነበትኩት።

ረቡዕ የረመዳን ጾም ላይ ነበርን። ጠዋት በር ላይ የነጋዴው ልጅ ክንዴን ይዛ "ሌሊት ለሱሁር ሳልነሣ፣ ሳልበላ ቀረሁ፤ ትናንት ለማፍጠሪያም ምንም አልወርድልኝ ብሎ ነበር። ራሴ እየዞረ ነው" አለችኝ። "አብሽሪ፣ አቅርበን እንቀመጣለን" አልኳት። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሦስታችንም ሰሌዳው ፊት ቆምን። የገራዶዋ ልጅ ማንበብ ጀመረች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። የራሷን ክፍል ስትጨርስ ተራው የማን እንደሆነ ለማመልከት ዞር ብላ የነጋዴውን ልጅ አየቻት። በዚያች ቅጽበት የነጋዴው ልጅ ወደቀች።

ክፍሉ ተተራመሰ። ወንበር ይገለበጣል፣ ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ ከሌላ ክፍል የመጡ ተማሪዎች በመስኮት ተንጠልጥለዋል። የወደቀችው ልጅ ጥርሷ ገጥሟል፤ የዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል። መምህሩ "አየር ስጧት! ዞር በሉ!" ይላል፤ ማን ሰምቶት። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ፣ በእድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ እየሮጡ ደረሱ። ከመቀነታቸው ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አይለይም ነበር። በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። "ማነህ? ተናገር! የበላሃት ማነህ?" አሉ። ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል ነው የሚባለው፤ የበላውን በስሙ ይጠራል። የነጋዴው ልጅ ግን ምንም አልለፈለፈችም። ሴትዮዋ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩንና "ማን ነው ያያት? ለአላህ ብላችሁ፣ የምታውቁት ካለ ተናገሩ፤ ልጅቷ እየሞተች ነው" አሉ።

ሁለት ነገር አውቅ ነበር። አንዱ፣ ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ነው። ሌላውን በወላሂ ዘግቼዋለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቃሏ ትዝ አለኝ፣ መስታወቱ ፊት የተለማመድኩትን አሰብኩ፣ አፌን ከፈትኩ።

"የእሷ እናት ሸክላ ሠሪ ናት" አልኩ።

በጣቴ እንኳ አላመለከትኩም። ክፍሉ ራሱ ዞሮ ወደ ገራዶዋ ልጅ አየ።

ቡዳ የበላው ሰው ላይ ራሱ ቡዳው እንትፍ ካለ ይለቀዋል ይባላል። የጽዳት ሠራተኛዋ እጃቸውን ዘረጉላት። "ነይ ልጄ፣ እንትፍ በዪባትና ልቀቂያት" አሏት። ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። የገራዶዋ ልጅ ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ግድግዳው ተጠጋች። "እኔ ምንም አላደረግኩም" አለች። "እንግዲያው ትሙት ነው?" ብሎ አንዱ ጮኸ። መምህሩ "ይኼ ነውር ነው! ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለ። ሁለተኛ ጊዜ ሲለው ድምፁ ቀነሰ። ሦስተኛ ጊዜ አላለውም።

እኔ ሄጄ ጆሮዋ ሥር "ምን ትጎጃለሽ? እንትፍ በዪና ይለይለት" አልኳት። አየችኝ። ማን እንደተናገረባት ሰምታለች፤ ሁለት እርምጃ እንኳ አልራቀችም ነበር። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፣ "ወላሂ ብለሽ አልነበረም ወይ?" እንድትለኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን እያየችኝ የነበረው ፈርታ ነው፤ የፈራችውም ለወደቀችው ልጅ ነው። "ትነሣለች?" አለችኝ። "ትነሣለች" አልኳት። ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችና ተንበረከከች። "ቢስሚላህ" ብላ እንትፍ አለችባት። ጾመኛ ነበረችና ምራቅ አልወጣትም፤ ደረቅ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ የነጋዴው ልጅ ዓይኗን ገለጠች። መሬት ላይ ስለተጋደመች ደሟ ወደ ራሷ ተመልሶ ነው፤ ዛሬ የትኛዋም ነርስ ትነግራችኋለች። ክፍሉ ያየው ግን ሌላ ነው። "ለቀቀቻት! ለቀቀቻት!" የሚል ድምፅ ከበር እስከ ሜዳው ተሰማ። የገራዶዋ ልጅ ገና ተንበርክካ ነበር፤ ልጅቷ በመንቃቷ ደስ ብሏት ፈገግ ብላለች። ያችን ፈገግታ አይቶ አንዱ "ታያላችሁ? ትስቃለች!" አለ።

አሁን የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ከሠራተኞቹ አንዷ፣ በቅርቡ ከገጠር የመጣች ልጅ፣ ማሽኑ አጠገብ ወደቀች። ሌሎቹ መንሾካሾክ ሲጀምሩ ከቢሮዬ እየሮጥኩ ወርጄ "ቁርስ በልታለች ወይ? ማን ያውቃል፣ ቁርስ በልታለች?" እያልኩ ጮኽኩ። አለቃዬ አብዳለች ብሎ አየኝ። ለአንዷ ያልደረሰ ጩኸት ለሌላዋ ቢደርስ ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። እኔም እላለሁ።

ከዚያ ረቡዕ በኋላ በክፍላችን የሆነውን ማሳጠር እፈልጋለሁ፤ ግን ሳላሳጥር ልንገራችሁ። ማንም የገራዶዋ ልጅ አጠገብ አልተቀመጠም። የነጋዴው ልጅ እናት መጥተው ልጃቸውን ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩ። ከዒድ በኋላ እረፍት ሰዓት ላይ እሷ ስታልፍ ልጆቹ ሳምቡሳቸውን በደብተር ይሸፍናሉ። መምህሩ "ለጊዜው" ብሎ የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ወላጆችን ፈርቶ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ሻርፗ ነው። ቡዳ የበላው ሰው የቡዳው ልብስ ቁራጭ ሲታጠንበት ይድናል ስለሚባል፣ አንዱ ራሱን ባመመው ቁጥር ሰልፍ ላይ ከኋላዋ ተጠግተው በምላጭ ከሻርፗ ጫፍ ይቆርጡ ነበር። እሷ በማግስቱ የተቆረጠውን ዘምዝማ ትመጣለች። ሻርፗ በየሳምንቱ እያጠረች ሄደች። አንድ ጊዜ ከፊቴ ቁራጭ ይዛ የምትሮጥ ልጅ አየሁ፤ መንገድ ለቀቅኩላት።

እኔስ? እኔም ወንበር ቀየርኩ። "ሰሌዳው አይታየኝም" አልኩ።

ትምህርት ቤት የመጣችበት የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነበር። ትምህርት ስንለቀቅ አጥሩ ጥግ ጠበቀችኝ፤ ከወደ ጦሳ ተራራ ብርድ ይነፍስ ነበር። የቡድናችንን ጽሑፍ ሰጠችኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእሷ እጅ ጽሑፍ ተገልብጧል። "የፊት ገጹን ቀይሪው" አለችኝ። "ስሜ ካለበት ማርክ ይቀንሱባችኋል።" ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ቆምኩ። "ግጭት የሚለው ክፍል ላይ ስፔሊንግ አይተሽ አስተካክይልኝ" አለችና ሄደች። የፊት ገጹን ቀየርኩ። ሁለት ስም ጻፍኩ፤ የእኔንና ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረችውን የነጋዴ ልጅ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣን። መምህሩ ለምሳሌ እንዲሆን ብሎ አንዱን አንቀጽ ጮክ ብሎ አነበበው፤ መንደርተኛው ልጆቹን ያመነው ጠንቋይ ፈርቶ ሳይሆን ተራው እንዳይደርሰው ፈርቶ ነው የሚለውን። ክፍሉ በጥሞና አዳመጠ። ከኋላ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። "እንዴት ያሉ ጨካኞች ናቸው" ያለች ልጅ አለች፤ ያቺው የሻርፑን ቁራጭ ይዛ ስትሮጥ ያየኋት።

ዓመታት አለፉ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ገራዶ ሄድኩ። ልናገር ነበር የሄድኩት። መኪና ውስጥ ቃሉን ደጋግሜ አዘጋጀሁት፤ ማሳመር እችልበታለሁ እኮ። እናቷ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን ወዲያው አወቁኝ። "የልጄ ጓደኛ! ያ አላህ፣ ዛሬ በምን ቀን ወጣሁ!" እያሉ ወደ ቤት አስገቡኝ። ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። "ደህና ናት እማማ?" ስላቸው "አልሐምዱሊላህ፣ ትደውላለች። ትስቃለችም። ግን የናት ጆሮ ያውቃል" አሉኝ።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት" አልኩ።

"ቆይ እናቴ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ። አንቺን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት።" እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ትምህርቱን ለምን ተውሽው ብላት፣ እንግሊዝኛው ከበደኝ እማ፣ አልገባኝ አለ፣ አለችኝ። እኔ ያልተማርኩ፣ ምን አውቃለሁ? አንቺን ግን ጎበዝ ናት፣ አንደኛ ናት ትለኝ ነበር። ምነው ልጄ? ምነው ትንሽ ብታስጠኚያት?"

ልጅቷ ትምህርት ያስጣላት የእናቷ እጅ ሥራ መሆኑን እናቷ እንዳያውቁ፣ በክፍሉ ማንም የማይስተካከላትን ትምህርት አልገባኝም ብላ ዋሽታለች። እኔ ብናገር የእሷን ውሸት አፈርሰዋለሁ። ለእሳቸው ስል ዝም አልኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ግን ፈርቼም ነው። እጄን እንዳይለቁት ፈራሁ። ከሐሰት ሞት ይሻላል ብላ የተጨበጨበላት ልጅ እኔ ነበርኩ።

"ጥፋቴ ነው እማማ" አልኩ። "ማስጠናት ነበረብኝ። አፉ በሉኝ።"

ሳግ ሲይዘኝ ሰምተው ደነገጡ፤ ጉንጬን በመዳፋቸው ዳበሱ። "አፉ ብያለሁ ልጄ፣ አፉ ብያለሁ። ልጅነት ነው። ለዚህ ብለሽ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው? አላህም አፉ ይበልሽ" አሉና ቁጭ ባልኩበት ዱዓ አደረጉልኝ፣ ረጅም ዱዓ፤ ስሜን እየጠሩ። አሚን አልኩ። ላልሠራሁት ጥፋት የተሰጠኝን ይቅርታ ይዤ ወደ ደሴ ተመለስኩ።